ልኬት የሚያውቅ ሰው በኤጀንሲ ይገኛል ወይ? ደብረ ብርሃን ላይ የሞከርኩት

ለወርክሾፓችን የተሠራውን ዕቃ የሚለካ ሰው በሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ በኩል ፈልጌ ነበር፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ይገኛል። ሰውየው ፋይላቸው ውስጥ አለ። የቱ እንደሆነ ግን ኤጀንሲው ራሱ አያውቅም። ፈትናችሁ የምታወጡት እናንተ ናችሁ። ይሄን አውቃችሁ ከገባችሁበት ገንዘባችሁ አይባክንም። «ተፈትኖ የመጣ ባለሙያ» ይልኩልኛል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ግን ትናደዳላችሁ።

የኤጀንሲውን ስም አልጠራም። ከሌሎች የወርክሾፕ ባለቤቶች እንደምሰማው የሁሉም አሠራር ተመሳሳይ ስለሆነ አንዱን ለይቶ ማንሳት ልክ አይመስለኝም።

እኛ ጠባሴ አካባቢ ያለችን ወርክሾፕ ትልቅ አይደለችም። ቶርኖና ፍሬዛ (ብረት የሚቀርጹ ማሽኖች) አለን፣ ለአካባቢው ፋብሪካዎች መለዋወጫ እንሠራለን። ሻፍት (የሚዞር ዘንግ)፣ ቡሽ (ቀለበት መሰል ቱቦ)፣ ፑሊ (ቀበቶ የሚዞርበት ጎማ)፣ አንዳንዴ ጊር። ደብረ ብርሃን ድሮ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ነበር የምትታወቀው። አሁን የቢራ ፋብሪካው አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ በየጊዜው አዲስ ግንብ ይወጣል። ማሽን ባለበት ሁሉ የሚሰበር ነገር አለ፣ ውጭ አገር ልኮ ከማስመጣት እዚሁ ማሠራት ደግሞ ይቀላል፣ ስለዚህ ሥራው አለ። የጎደለን የተሠራውን ዕቃ ለክቶ «ይሄ ይውጣ፣ ይሄ አይውጣ» የሚል ሰው ነበር። ያው ጥራት ተቆጣጣሪ የሚባለው ማለት ነው። ቶርኖ ላይ ያለው ልጅ የሠራውን ራሱ ለክቶ ራሱ ካሳለፈው ቁጥጥር አይባልም።

አገልግሎቱ እንዲህ ነው። ሄዳችሁ የሥራውን ዝርዝር ትሰጣላችሁ፣ ውል ትፈርማላችሁ። እነሱ ማስታወቂያ ያወጣሉ፣ ሲቪ ይሰበስባሉ፣ «ቅድመ ቃለ መጠይቅ» የሚሉትን ያደርጋሉ፣ ከዚያ ለመጨረሻው ዙር ይልኩላችኋል። የተቀጠረው ሰው የመጀመሪያ ወር ደሞዝ ግማሹ የእነሱ ነው። ሰውየው በመጀመሪያው ወር ካልሆነ ደግሞ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሌላ ይተካሉ። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ጥሩ ነው።

ጥሩ ጎናቸውን መጀመሪያ ልናገር፣ ሐቁ ሐቅ ነው። ፈጣን ናቸው። ስልክ ያነሳሉ፣ ካላነሱም መልሰው ይደውላሉ። አመልካቾቹ በተባለው ሰዓት መጡ፣ ጠዋት 3 ሰዓት የተባለው 3 ሰዓት ላይ በር ላይ ነበር። ለዚህ አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የትምህርት ማስረጃውን ከተማሩበት ኮሌጅ ድረስ ደውለው አጣርተዋል፣ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ወረቀቱንም ጭምር። የቀድሞ አሠሪዎችን አነጋግረዋል። ዋስ እንኳን አስይዘው ነው የላኩልኝ፣ ለጥራት ተቆጣጣሪ ዋስ ምን እንደሚሠራ ባይገባኝም። ገንዘብ አይዝ፣ ዕቃ አያወጣ። ያም ሆኖ ሥራቸውን ሠርተዋል።

ችግሩ የሚጀምረው ማስታወቂያው ላይ ነው። እኔ የሰጠኋቸው ዝርዝር ግልጽ ነበር። ማይክሮሜትር (በጣም ረቂቅ የልኬት መሣሪያ) የሚያነብ፣ ድሮዊንግ (የዕቃውን ንድፍ) የሚያነብ፣ የቶለራንስ (የተፈቀደው የልክ ልዩነት) ምልክት የሚያውቅ፣ የለካውን በሥርዓት የሚጽፍ። ለጥፈውት ሳየው «በተመሳሳይ የሥራ መስክ 2 ዓመት ልምድ፣ መሠረታዊ የኮምፒውተር ችሎታ፣ መልካም ሥነ ምግባርና ጫና ውስጥ የመሥራት ብቃት» ሆኗል። ምን ሆናችሁ ስላቸው «ሰው እንዳይሸሽ ነው» አሉኝ። እንዲሸሽ እኮ ነው የፈለግኩት! ማይክሮሜትር ነክቶ የማያውቅ ሰው ያንን አንብቦ ቢቀር ለሁላችንም እረፍት ነበር።

ቅድመ ቃለ መጠይቁም ያው ነው። ጥያቄዎቹን አሳዩኝ። ራስህን ግለጽ። ጥንካሬህና ድክመትህ ምንድን ነው። ከ5 ዓመት በኋላ ራስህን የት ታየዋለህ። ይሄ ለእንግዳ ተቀባይ ይሆን ይሆናል። ለልኬት ሥራ ግን ሰውየው በ5 ዓመት ውስጥ የት እንደሚደርስ ከማወቄ በፊት ካሊፐሩ (በተንሸራታች መንጋጋ የሚለካው መሣሪያ) ዜሮ ላይ መሆኑን ያያል አያይም የሚለውን ማወቅ አለብኝ። የላኩልኝ ሲቪዎች ደግሞ አንድ ሰው የጻፋቸው ነው የሚመስሉት። ሁሉም «ታታሪ»፣ ሁሉም «ለአዲስ ነገር ፍላጎት ያለው»። አንዱ ጋ «የመለኪያ መሣሪያዎችን በብቃት እጠቀማለሁ» ይላል፣ የትኞቹን እንደሆነ ግን አንድ መስመር የለም።

ለምን ይሄን ያህል እንደምጨቀጭቅ በምሳሌ ላስረዳ። 6205 የሚባለውን ኩሽኔታ (ሻፍት ላይ የሚገባው ቤሪንግ) የማያውቅ መካኒክ የለም። ውስጡ 25 ሚሊ፣ ውጩ 52፣ ስፋቱ 15። እሱ የሚገባበት ሻፍት ድሮዊንጉ ላይ 25 ኬ6 ተብሎ ቢጻፍ ሻፍቱ ከ25.002 እስከ 25.015 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ልዩነቱ 13 ማይክሮን (0.013 ሚሊ) ነው። አንድ የፀጉር ዘለላ እንኳን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይወፍራል። ከዚያ ካነሰ ኩሽኔታው ሻፍቱ ላይ እየተንሸራተተ ይበላዋል፣ ከበዛ ደግሞ በግድ ሲገባ ውስጡ ይጨነቅና ይሞቃል፣ ወዲያው ይጮኻል። አሁን በየሱቁ የሚሸጠው ካሊፐር የሚያነበው በ0.02 ሚሊ ነው፣ ማለትም በ20 ማይክሮን። ከቶለራንሱ ይበልጣል። ስለዚህ ካሊፐር ይዞ «ይሄ ሻፍት ልክ ነው» የሚል ሰው እየለካ ሳይሆን እየገመተ ነው። በሙያው የሚነገረው ደንብ መሣሪያው ከቶለራንሱ 10 እጥፍ የረቀቀ ይሁን ነው። ሁልጊዜ አይቻልም፣ ግን ማወቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የራሴን ፈተና አዘጋጀሁ። ጥያቄ አልበዛበትም። ጠረጴዛ ላይ ሻፍት አለ፣ ቡሽ አለ፣ የአሉሚኒየም ፑሊ አለ፣ ድሮዊንግ አለ። መሣሪያ ደግሞ ካሊፐር፣ ከ0 እስከ 25 እና ከ25 እስከ 50 የሚለኩ ማይክሮሜትሮች፣ በ0.001 የሚያነብ ዲጂታል አንድ፣ ቪ ብሎክ (ሻፍት የሚቀመጥበት የቪ ቅርጽ ያለው ብረት) እና ዳያል ጌጅ (ትንሽ ልዩነትን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ)። ካሊፐሩ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው፣ ሲዘጋ ዜሮ ሳይሆን 0.04 ያሳያል፣ ተበላሽቶ ጥግ የተቀመጠ ነበር፣ ለዚህ ጠቀመን። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለው። «እነዚህን ለክተህ ከድሮዊንጉ ጋር አስተያይና ጻፍልኝ።» ከዚያ ዝም ብዬ እጁን አያለሁ።

እጅ ብዙ ይናገራል። መሣሪያውን ሳይጠርግ የሚያነሳ አለ። ዜሮውን ሳያይ የሚለካ አለ፣ ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው፣ ስለዚህ የጻፉት ሁሉ በ0.04 የተሳሳተ ነው። ማይክሮሜትሩን እንደ ሞርሳ አጥብቆ የሚያስር አለ። ጫፉ ላይ ያለችው ራቼት «ክርር» እያለች የምትዞረው እኮ ግፊቱ ሁሌ እኩል እንዲሆን ነው፣ እሱን ትቶ ዋናውን ከበሮ የሚጠመዝዝ ሰው የፈለገውን ቁጥር ያወጣል። ሌላው ከ25 እስከ 50 የሚለካው ላይ ነው። እሱ ሲዘጋ ዜሮ አያሳይም፣ 25 ሚሊ የሆነች መፈተሻ ዘንግ አለችው፣ በእሷ ነው ዜሮው የሚታየው። ዘንጓን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ መሳቢያ ውስጥ ከትቻት ነበር። የሚጠይቀኝ እንዳለ ለማየት።

ከመጡት ውስጥ ሲቪው የሚያስጎመጅ አንድ ልጅ ነበር። ዲግሪ አለው፣ አዲስ አበባ ሠርቷል፣ ንግግሩ ለስላሳ ነው። ኤጀንሲው «ይሄንን እንዳያመልጥዎ» ብሎ ደውሎልኝ ነበር። ልጁ ስለ ጥራት ሥርዓት፣ ስለ አይ ኤስ ኦ 9001፣ ስለ ኦዲት ሲያወራ ያምራል። ማይክሮሜትሩን ይዞ የቡሹን ግድግዳ ለካና 12.28 ብሎ ጻፈ። ትክክለኛው 12.78 ነው። የማይክሮሜትር ክር አንድ ዙር 0.5 ሚሊ ስለሆነ እጅጌው ላይ ከታች የግማሽ ሚሊ መስመር አለች፣ እሷ ከታየች 0.5 ይደመራል። እሷን ዘለላት። የዓለም ሁሉ ተማሪ የሚሳሳታት ስህተት ናት፣ በሷ አልፈርድም። የፈረድኩት በቀጠለው ነው። «እርግጠኛ ነህ?» ስለው ድጋሚ ሳይለካ «አዎ፣ መቶ በመቶ» አለ። ካሊፐር አጠገቡ አለ፣ አንስቶ ለክቶ ቢያስተያይ ግማሽ ሚሊ ልዩነት ወዲያው ይታየው ነበር። አላነሳውም።

ከመሐል ሜዳ የመጣች ልጅ ደግሞ ነበረች። ደረጃ 4 ጨርሳለች፣ ልምድ የሚባል የላትም፣ ኤጀንሲው «ለመሙያ ያህል ነው» እንደማለት አድርጎ ነው የላካት። ብርዱ ነበር፣ ጋቢ ደርባ መጣች። ወዲያው ሥራ አልጀመረችም። መጀመሪያ ድሮዊንጉን ረዘም ላለ ጊዜ አየች። ከዚያ ጨርቅ ጠየቀች። ካሊፐሩን ጠረገች፣ ዘጋችው፣ ወደ መስኮቱ አዙራ በብርሃን አየችው፣ «ጋሼ፣ ይሄ ዜሮ ላይ አይደለም፣ ሌላ አለ ወይስ ልቀንስለት?» አለች። ውስጤ ደስ አለኝ፣ ፊቴን ግን አላስነበብኩም። ሻፍቱን ሦስት ቦታ ለካች፣ በየቦታው ደግሞ ሩብ ዙር አዙራ ድጋሚ። እንቁላል የመሰለ ሻፍት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከለካችሁት ልክ ነው የሚመስለው። ከ25 እስከ 50 ያለውን ስታነሳ «የዚህ ዘንግ የለውም?» አለች። አወጣሁላት። መጨረሻ ላይ በ0.01 በሚያነበው ለክታ 25.01 ጻፈችና አጠገቡ «በዚህ መሣሪያ መወሰን አይቻልም፣ ዳር ላይ ነው» ብላ ጨመረች። ዲጂታሉን አላነሳችም፣ ተጠቅማበት ስለማታውቅ ፈርታው ነው። እሱን በአንድ ጠዋት ማስተማር ይቻላል።

የፈለግኩት እንዲህ ያለ ሰው ነው። ቁጥር የሚሰጥ ሰው ሞልቷል። ቁጥሩ የት ድረስ እንደሚታመን አብሮ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው፣ የትኛውም ሲቪ ላይ ደግሞ አይጻፍም። ለዚህ ነው ኤጀንሲው ሊያየው ያልቻለው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ እዚሁ አገር ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ታኅሣሥ ላይ ሜዳው ውርጭ ለብሶ ያድራል፣ ጠዋት ወርክሾፕ ስንገባ ብረቱ እጅ ያቃጥላል፣ በብርዱ ማለቴ ነው። የልኬት መነሻ ሙቀት ደግሞ በዓለም ደረጃ 20 ዲግሪ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ የተስማሙበት። ድሮዊንግ ላይ ያለ ቁጥር ሁሉ ሌላ ካልተጻፈ «በ20 ዲግሪ» ማለት ነው። ስለዚህ ጠየቅኳቸው። «ይሄ ፑሊ አሉሚኒየም ነው፣ 200 ሚሊ ነው። ቤቱ አሁን 10 ዲግሪ ነው እንበል። በብረት ካሊፐር ስትለካው ምን ይሆናል?»

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ብረት ለአንድ ሜትር በአንድ ዲግሪ 11.5 ማይክሮን ያህል ይለጠጣል ወይም ይኮማተራል። አሉሚኒየም እጥፉን፣ 23 አካባቢ። በ10 ዲግሪ ልዩነት 200 ሚሊ አሉሚኒየም በ0.046 ሚሊ ያጥራል፣ የካሊፐሩ ብረት ደግሞ በዚያው ርዝመት በ0.023። ስለዚህ ንባቡ ከእውነተኛው በ0.023 ያነሰ ይመጣል። ሻፍቱ ቢሆን ግን፣ ብረት በብረት ነው፣ ሁለቱም አብረው ስላጠሩ ብዙ አያሳስብም። ይሄ የመጽሐፍ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። እኛ እዚህ በብርድ የለካነው ዕቃ በጣርማበር ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 30 ዲግሪ ይጠብቀዋል። ያው ፑሊ ከጠዋቱ በ0.09 ሚሊ አድጎ ነው የሚገጠመው። ደንበኛው ለክቶ «በልጧል» ቢል አልዋሸም፣ እኛም አልዋሸንም።

ቁጥሩን ያወጣ አልነበረም፣ እኔም አልጠበቅኩም። የጠበቅኩት «ይኮማተራል፣ ስለዚህ ቆየት ብሎ ቤቱ ሲሞቅ መለካት ይሻላል» የሚል ሰው ነው። ሁለት ሰዎች እንዲህ ብለውኛል። አንዷ ያቺው የመሐል ሜዳ ልጅ ናት፣ «እናቴ የብረት ምጣዱ ሲሞቅ ክዳኑ እንቢ ይላታል» ብላ ነው ያስረዳችኝ። ካልመለሱት አንዱ ግን «ብረት ብረት ነው ጋሼ፣ ምን ይሆናል» ብሎኝ ሳቀ።

ከዚያ የመጨረሻው ጥያቄ አለ፣ መሣሪያ የማይፈልግ። «ዕቃው በ0.03 ከልክ ወጥቷል። መኪናው ጭኖ ቆሟል። የምርት ኃላፊው መጥቶ 'አሳልፈው፣ ምንም አይሆንም' አለህ። ምን ታደርጋለህ?» እዚህ ላይ ሰው ይገለጣል። «በፍጹም አላሳልፍም!» ብሎ ደረቱን የሚነፋ አለ፣ እሱን ብዙም አላመንኩትም፣ በሥራ ላይ አለቃ ሲቆጣ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። «አለቃዬ ካለ እሺ ነው» ያለም አለ፣ ቢያንስ ሐቀኛ ነው። የወደድኩት መልስ «የለካሁትን እጽፋለሁ፣ ቀይ ምልክት አስሬ ለብቻው አስቀምጠዋለሁ፣ ማሳለፍ ከፈለጉ ደንበኛውን አስፈቅደው እሳቸው ይፈርሙበት» የሚለው ነው። ትክክለኛው አሠራርም እሱ ነው። ተቆጣጣሪ ያየውን ይጽፋል፣ ከልክ የወጣን ዕቃ ለመቀበል የሚወስነው ደንበኛው ነው። ይሄን ያለው ሰው ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶ የወጣ ነበር፣ ግን ልኬቱ ላይ ደከመብኝ። አዘንኩ።

አሁን ኤጀንሲው ላይ በጣም ቅር ያለኝ ሁለት ነገር። አንደኛው አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው የገፋ ነው፣ በጥገና ሥራ ያረጁ ናቸው። ኤጀንሲው ተመዝግበው እያሉ «ዲፕሎማ ስለሌላቸው» ለእኔ ሳይልካቸው ቀረ። የሰማሁት ከቶርኖ ቤት ወሬ ነው። አስጠራኋቸውና እሳቸውንም ያንኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳቸው። ካሊፐሩን ሲያነሱ ሻፍቱን በመንጋጋው ጫፍ ሳይሆን ወደ ውስጥ አስጠግተው ያዙት። «ምነው?» አልኳቸው። «ጫፍ ላይ ከያዝከው መንጋጋው ይተኛል ልጄ፣ ይዋሽሃል» አሉኝ። የመለኪያው መስመርና የሚለካው ዕቃ በአንድ ቀጥታ ላይ ካልሆኑ ስህተት ይገባል የሚለውን ደንብ ጀርመናዊው ኤርንስት አቤ እ.ኤ.አ. በ1890 ነው ያስቀመጠው፣ ማይክሮሜትር ከካሊፐር የሚታመነውም በዚሁ ምክንያት ነው። እሳቸው ስሙን ሰምተው አያውቁም፣ እጃቸው ግን ያውቀዋል። ከዚያ ሻፍቱን ቪ ብሎክ ላይ አድርገው በዳያል አዞሩት። ሦስት ጎን ያበጠ ሻፍት በማይክሮሜትር ሲለካ በየትኛውም አቅጣጫ እኩል ሊመጣ ይችላል፣ ክብ ሳይሆን ክብ ይመስላል፣ ቪ ብሎክ ነው የሚያጋልጠው። ከመጡት ሁሉ ይሄን ያደረጉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሙሉ ጊዜ መቅጠር አልሆነልንም፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ሪፖርት መጻፉም ይከብዳቸዋል። የመሐል ሜዳዋን ልጅ ለማሠልጠን እንዲመጡ ግን ተስማማን። የኤጀንሲው ሰው ሲሰማ ኮሚሽን ጠየቀኝ! ያልላካችሁልኝን ሰው? ትንሽ ተጨቃጨቅን፣ ተውት።

ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነው። አንዱ አመልካች ሲወጣ በወሬ መሐል «ለመመዝገቢያ ከፍያለሁ፣ ቢሳካልኝ ጥሩ ነበር» አለኝ። ኤጀንሲ ከሥራ ፈላጊ ገንዘብ መቀበል የለበትም፣ ክፍያው ከአሠሪው ነው፣ ሕጉ እንደዚያ ነው። ጠየቅኳቸው። «ለፎርምና ለፎቶ ኮፒ ነው» አሉኝ። ሥራ አጥቶ ከገጠር የሚመጣ ልጅ የትራንስፖርቱ ሳያንሰው ለፎቶ ኮፒ? ከእኔ የግማሽ ወር ደሞዝ እየወሰዱ? ውሉን ሳድስ ይሄ እንደማይደገም አስጽፌአለሁ። እናንተም ከነሱ ጋር ስትሠሩ ልጆቹን በግልጽ ጠይቋቸው፣ ካልተጠየቁ አይናገሩም።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፣ ለጽሕፈት ቤት፣ ለጥበቃ፣ ለሽያጭ ሠራተኛ ከ10 8 እሰጣቸዋለሁ፣ ያለ ማጋነን። ለልኬትና ለቁጥጥር ሥራ 5። እሱም ለፍጥነታቸውና ማስረጃ ስለሚያጣሩ ነው። ዋጋው ውድ ነው አልልም። እኔ ራሴ ማስታወቂያ ለጥፌ፣ የመጣውን ሁሉ ተቀብዬ፣ ኮሌጅ ለኮሌጅ እየደወልኩ ብውል ከዚያ ይበልጥብኝ ነበር። ግን የፈተናውን ሥራ ሠርተናል እያሉ ማስከፈላቸው አይዋጥልኝም።

ወደ እነሱ የምትሄዱ ካላችሁ ማስታወቂያውን ራሳችሁ ጻፉና አንድ ቃል እንዳይቀይሩ ንገሯቸው። የመሣሪያዎቹን ስም አስገቡበት። ዲፕሎማ የሌላቸውን የእጅ ባለሙያዎች ዝርዝርም ለብቻ ጠይቁ፣ አላቸው፣ ግን ካልጠየቃችኋቸው አያወጡትም። የተግባር ፈተናውን እነሱ ቢሮ አታድርጉት፣ መብራት ቢጠፋ ማንበቢያ ብርሃን እንኳን የለም። ከፈተናው በፊት ደግሞ የራሳችሁ መሣሪያ ትክክል መሆኑን አረጋግጡ፣ የካሊብሬሽኑ (የትክክለኛነት ፍተሻው) ቀን ያለፈበት ማይክሮሜትር ይዞ ሰው መፈተን ያሳፍራል። የእኛን አዲስ አበባ ልከን ነው ያስፈተሽነው፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ቀደም ብላችሁ ላኩ። አንዱ አመልካች መሣሪያው ላይ ያለውን የፍተሻ ተለጣፊ አይቶ «ይሄ ጊዜው መቼ ነው የሚያልፈው?» ብሎኛል፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ነጥብ ሰጥቼዋለሁ።

ሌላ ጠቃሚ ነገር፣ አንዱን ዕቃ ከሌሎች ጋር ቀላቅላችሁ ሳይታወቅ ሁለት ጊዜ አስለኩት። ያው ዕቃ ጠዋት አንድ ቁጥር፣ ከሰዓት ሌላ ቁጥር ካመጣ ሰውየው ገና ነው። ትልልቅ ፋብሪካዎች ይሄንኑ በሥርዓት ያደርጉታል፣ 10 ዕቃ በ3 ሰው ደጋግመው አስለክተው ከመለኪያው የሚመጣው ልዩነት ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ጥሩ፣ ከ30 በላይ ከሆነ አይሆንም ይላሉ። ለኛ ዓይነት ቤት ያን ያህል አያስፈልግም፣ ሐሳቡ ግን ይሠራል።

የሙከራ ጊዜውን ነገር ደግሞ ተጠንቀቁበት። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ በጽሑፍም መሆን አለበት። የኤጀንሲው ውል ላይ ያለው የመተካት ዋስትና ግን «አንድ ወር» ይላል። ሁለቱ አይገጣጠሙም። ሰው ልኬት መቻሉ የሚታወቀው በመጀመሪያው ወር አይደለም፣ ደንበኛ ዕቃ መልሶ ሲያመጣ ነው። ስለዚህ ዋስትናው እስከ ሙከራው መጨረሻ እንዲሆን፣ ክፍያውም ግማሹ ሲፈረም ግማሹ ሙከራው ሲያልቅ እንዲሆን ጠየቅኩ። መጀመሪያ «አሠራራችን አይደለም» አሉ። ትንሽ ሲቆዩ እሺ አሉ። በቃል እንዳትተዉት፣ ውሉ ላይ ይጻፍ፣ ማኅተም ይረፍበት።